ከካፒቴኑ ኋላ ያለችው ሴት

ጥር 12፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለቃላት ዝርዝር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ስምንት ገጾች ላይ አርባ ቃላት በሠንጠረዥ ተጽፈዋል፤ ማንኪያ፣ ውሃ፣ በር፣ ነጠላ እያለ ይቀጥላል። ከጎናቸው የየቀኑን ውጤት የምሞላበት ዓምድ አስምሬአለሁ። ዛሬ የንግግር ቴራፒስቷ ኬረን ሠንጠረዡን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና "ሚስተር መዝገቡ፣ ይህ እኮ ፈተና ነው። አይፈትኗት" አለችኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ አንዱን እዚሁ ካናዳ፣ ካልጋሪ። መፈተን ጥፋት መሆኑን የሰማሁት ዛሬ ነው። ስለዚህ ከዘጠነኛው ገጽ ጀምሮ ደብተሩ የእኔ ይሁን።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። ባለቤቴ ቆንጅት ታኅሣሥ 24 ቀን ጠዋት እቃ ማጠቢያው አጠገብ ወደቀች። ስትሮክ ነው። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ደክመዋል፤ እግሯ በመመለስ ላይ ነው። ንግግሯ ግን ሄደ። የምንላትን አብዛኛውን ትረዳለች ይላሉ። ከአፏ የሚወጣው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው። ውሃ ልስጥሽ? እሺ። ብርድ ልብሱን ልግፈፍልሽ? እሺ። ማንኪያውን አሳይቼ ይህ ምንድን ነው? እሺ።

ምስጋናዬንም ልጻፍ። ስትወድቅ ቤት ነበርኩ። አምቡላንሱ እኛ ሰፈር፣ ዶቨር ድረስ ለመምጣት ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ፈጀበት። በሕይወት አለች። ትናንት ጥምቀት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ባልሄድም ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ሆኜ "አቡነ ዘበሰማያት" ስል እስከ መጨረሻው አብራኝ አለችው። አንድ ቃል ሳትስት። ኬረን እንዲህ ያለው ነገር ያለ ሐሳብ የሚወጣ ነው፣ ከንግግር አይቆጠርም አለች። እኔ ግን ቆጥሬዋለሁ።

ጥር 15፣ ሐሙስ

በጥድፊያ። በረዶ፣ አውቶቡስ አመለጠኝ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ዘገየሁ። ስደርስ የቆንጅት ከንፈር አብጧል። ነርሷ ሻይ ሰጥታት "ሙቀቱ ደህና ነው?" ብላ ጠይቃታለች። ቆንጅት እሺ ብላለች። ነርሷ ይህቺን ቃል ከእኛ ለምዳለች፣ ትርጉሟን ታውቃለች። ደህና ነው ማለቷ መስሏት አጠጣቻት። የፈላ ነበር። ልጅቷ ይቅርታ ስትጠይቀኝ እንባዋ መጣ። የአንቺ ጥፋት አይደለም አልኳት።

ጥር 19፣ ሰኞ

ስብሰባ ተጠርተን ነበር፤ እኔና ልጄ ሳምሪ። የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ሶሻል ወርከሯ፣ በግልጽ ነገረችን። መጋቢት 9 ቀን ሐኪሙ ባለበት ይወሰናል። ቆንጅት ወደ ቤት የምትመለሰው የማትፈልገውን ነገር አልፈልግም ማለት ከቻለች ነው። ያመማትን፣ የሚያቃጥላትን፣ ያልጣማትን። ካልቻለች ቀንና ሌሊት ተቆጣጣሪ ያለበት መጦሪያ ትገባለች፤ የትኛው እንደሆነ የሚወሰነው ቀድሞ በተገኘው አልጋ ነው፤ ከከተማ ውጭም ሊሆን ይችላል።

"እሺ ትላለች እኮ" አልኩ።

ኬረን ቀስ ብላ "ችግሩ እኮ ይኸው ነው" አለች። "አይ ስትል እስክሰማት ድረስ እሺ የምትለውን ላምነው አልችልም።"

ሳምሪ የከተማው አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ የዛሬውን ሺፍቷን ለውጣ በመኪናዋ ወሰደችኝ። መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘን ድንገት ጠየቀችኝ።

"አባዬ፣ እማዬ እምቢ ስትል ሰምተህ ታውቃለህ?"

"እናትሽ ሰላማዊ ሰው ናት" አልኳት።

አረንጓዴው በርቶ ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባ እስኪነፋ አልተንቀሳቀሰችም።

ሰባት ሳምንት አለን። ሠንጠረዡን ወደ ሃያ ቃላት ቀንሼዋለሁ። ለኬረን አልነገርኳትም።

ጥር 25፣ እሑድ

ዛሬ የሳምሪ ልጅ ሮሚ ከማርቲንዴል በሁለት አውቶቡስ መጣች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ታብሌቷን ይዛ "ኦርሳ" የሚባለውን ተከታታይ ፊልም ለአያቷ ከፈተችላት። በጠፈር ላይ ስላለ ትልቅ ጣቢያ የሚያወራ ነው። ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ ሮሚ ሲዝን የምትለው፣ አለው፤ በየአገሩ የሚያየው ሰው ቁጥር የለውም፤ ካፒቴን ድሬን የሚባለው ጀግና ሥዕል ያለበት ካናቴራ የትም ታገኛለህ። ቆንጅት ሥራ ካቆመች ወዲህ ሁሉንም ከሮሚ ጋር አይታዋለች። እኔ ያኔ ጋዜጣ ሳነብ ድምፁ ብቻ ይደርሰኝ ነበር። አንዳንዴ ጣቷን ወደ ስክሪኑ ዘርግታ "ያቺን እዩልኝ፣ ደግሞ መጣች" ትል ነበር። እኔም "ዋናው የሚናገረው ሰውዬ ነው፤ እሱን ካልተከተልሽ ታሪኩ ያመልጥሻል" እላት ነበር።

ዛሬም ካፒቴኑ ረጅም ንግግር ሲያደርግ "ይኸው ካፒቴኑ" ብዬ አመለከትኳት።

"አባባ፣ ኖ። እሱን አይደለም የምታየው" አለች ሮሚ። "አይኗን እይ። ይዩ ማለቴ፣ ሶሪ። ላይክ፣ ከኋላ ያለችዋን ነው።"

ከካፒቴኑ ኋላ፣ በኮሪደሩ ጫፍ፣ ግራጫ የሥራ ልብስ የለበሰች ሴት ወለል ትወለውላለች። ሦስት ሰከንድ ያህል። የቆንጅት ዓይን እሷን ተከትሎ ከስክሪኑ ጠርዝ ወጣ።

ሮሚ ስትወጣ አንድ ነገር አጫወተችኝ። ፊልሙን የሚወዱ ወጣቶች በኢንተርኔት ተሰብስበው ታሪክ ይጽፋሉ። ስለ ካፒቴኑ ሳይሆን ከኋላ ስለሚያልፉት፣ ስም ስለሌላቸው ሰዎች። እሷም ስድስት ጽፋለች፤ ለአያቷ እያነበበች።

"በእንግሊዝኛ?"

"ያ። ኤክስፕሌይን አደርግላታለሁ። በአማርኛ ግን የጻፈ የለም። እርስዎ ይጻፉላት። ቲቸር አይደሉም እንዴ?"

ሠላሳ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ ነው ያስተማርኩት አልኳት። ጠፈርም ጂኦግራፊ ነው አለችኝ።

ጥር 28፣ ረቡዕ

ሥራ በሥርዓት ይሁን ብዬ ከመጀመሪያው ክፍል ጀመርኩ። ካፒቴኑን ሳይሆን ከኋላው ያለውን እየመዘገብኩ ነው። በስምንት ክፍል ውስጥ ያገኘሁት፤ ዘጠነኛው በር ላይ የሚቆም አንድ ዘበኛ፤ በምግብ አዳራሹ ሁልጊዜ ብቻውን የሚበላ ወፍራም ሰው፤ ሰማያዊ ሣጥን የተሸከመ ቀጭን ሰው። ይህ ሦስተኛው ያስገርማል። በሁለተኛው ክፍል በአንድ ትዕይንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ። በየት ዞሮ ተመለሰ? የፊልሙ ሰዎች ስህተት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ስህተቱን እንደ እውነት ብንቀበለውስ?

በአንድ ተቀምጦ አራት ገጽ ጻፍኩ። ሣጥኑን የሚረከብ ኃላፊ ስለጠፋ ሰውዬው ጣቢያውን አሥራ ሰባት ዓመት ይዞረዋል። ፈርሞ የሚቀበለው ካላገኘ ማስቀመጥ አይፈቀድለትም። በሣጥኑ ውስጥ ያለው የጣቢያው መረከቢያ ማኅተም ነው።

ደስ ብሎኛል። በዚህ ሰሞን ይህን ቃል መጻፌ ያሳፍራል፤ ግን ነው።

የካቲት 3፣ ሰኞ

የሣጥኑን ሰው አነበብኩላት። ማኅተሙ ጋ ስደርስ ሳቀች። በአፏ ግራ ጎን፣ ድምፅ ያለው ሳቅ። ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ጨርሼ "ወደድሽው?" አልኳት። እሺ አለች። እሺታዋን ኬረን አታምንም፤ ሳቋን ግን እኔ አምኛለሁ።

የቃላት ሠንጠረዡን ዛሬ አልሞላሁም። ረስቼው ነው።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ከውጭ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ገብቶ በረዶው በአንድ ቀን ወደ ጭቃ ተለወጠ። እኔ ከጠረጴዛ አልተነሳሁም። የዚያችን ወለል የምትወለውል ሴት ታሪክ እየጻፍኩ ነው። በስድስቱም ክፍለ ጊዜ አሥራ አንድ ጊዜ ትታያለች። ፊቷ የታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ በሚወርደው የስም ዝርዝር ውስጥ "የጽዳት ሠራተኛ ሁለት" ተብላለች። ኢራ ብዬ ሰየምኳት። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ጣቢያው ሲከዳ ከሃዲውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ሁሉም እሷ ባለችበት ያወራሉና።

የቆንጅትን ሕይወት፣ በማኅበር ያሳለፈችውንም ልጅ ያሳደገችበትንም ሁሉ አውቃለሁ። መሀል ከተማ በሚገኝ ባለ ሃያ ሦስት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጽድታለች። የእኔ ሰርተፊኬት እዚህ እስኪጸድቅ በተማርኩባቸው ስድስት ዓመታት ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ስለዚህ ታሪኩ እንደሚነካት እርግጠኛ ነኝ። ሥራውን ለማወቅ ብዙ ርቄ መሄድ የለብኝም።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ሆነ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ግድም ነው። ሁለታችን ብቻ። እንዲህ የሚለው ጋ ደረስኩ፦ "ኢራ በሩን ከፍታ ገባች። ከበሩ ጀምራ እየወለወለች ወደ ውስጥ ዘለቀች። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ከታቿ የምትዞረውን ፕላኔት አየች። ከዚያም ባልዲዋን አንስታ ወጣች።"

"አይ።"

አመማት ብዬ ደነገጥኩ። "የት ነው ያመመሽ?" አልኳት።

"አይ" አለች እንደገና። ግራ እጇን ከብርድ ልብሱ ላይ አንስታ ወደ ራሷ ጎተተችው። "ወደ... ወደ ኋላ።"

"ገጹን ወደ ኋላ ልመልሰው?"

"አይ። ወደ ኋላ።" ተቆጥታ ነበር። አርባ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ያለ ፊት አላየሁባትም። ወይም እያለ አላየሁትም።

የምትደገፍበትን ዱላ አነሳሁና እንደ ሞፕ ይዤ ከበሩ ጀምሬ ወደ መስኮቱ ወለወልኩ። ከዚያ እንደ ኢራ ለመውጣት ዞርኩ። ቆንጅት በጣቷ ጫማዬን አሳየችኝ። ወደ ጫማዬ አየሁ። ገና ያልደረቀውን፣ እኔው የወለወልኩትን ወለል ረግጬው ልወጣ ነው።

ከመስኮቱ ጀመርኩ፤ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ወደ ኋላ እየወለወልኩ መጣሁ፤ ኮሪደር ወጣሁ። አንዲት ነርስ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

ተመለስኩና አረፍተ ነገሩን እያየችኝ ሰረዝኩት። "ልክ ነሽ" አልኳት። መጀመሪያ ላይ ልከራከራት እንደቃጣኝም ልመዝግብ። መስኮቱ ለመጨረሻው መቅረቱ ለታሪኩ ያምራል ልላት ነበር። አፌ ተከፍቶ ነበር። ስላላልኩት እግዚአብሔር ይመስገን።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ዐቢይ ጾም ገባ።

ኬረን ተደስታለች፤ ግን አንድ ጊዜ አይበቃም፣ ሲደጋገም ማየት አለብኝ አለች። እኔም ዘዴ አሰብኩ። ክፍል ውስጥ እያወቅሁ ስህተት ሰሌዳ ላይ እጽፍ ነበር፤ ተማሪዎቹ ሲያርሙኝ ይማራሉ። ዛሬ ኬረን ባለችበት ኢራ በደረቅ ሞፕ መስታወት ስትጠርግ አነበብኩ።

ቆንጅት አየችኝ። ረጅም ጊዜ። "እሺ" አለች።

ሌላ ጨመርኩ፤ ኢራ ቆሻሻውን ወለሉ ላይ ደፋችው። "እሺ።" ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ኬረን ሳቋን ለመደበቅ ወረቀቷን አስተካከለች። "እየፈተኗት መሆኑን አውቃለች" አለችኝ።

ሦስት ሳምንት ቀረን።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ከቆንጅት ጋር እዚያ ሕንፃ ላይ የሠራችው ትግስት ዘንድ ደወልኩ። አቢዴል ነው የምትኖረው።

"ትግስት፣ ስለ ሥራው ልጠይቅሽ ነበር። ወለል ስትወለውሉ ውሃው በየስንት ክፍሉ ነው የሚቀየረው?"

"ውይ መምህር፣ በሰባ ዓመትዎ ሥራ ሊገቡ ነው? ጉልበትዎ አይችለውም፣ ይቅርብዎት።"

ምክንያቱን ነገርኳት። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች፣ እኔ ጻፍኩ። ቢሮ ውስጥ አምሽተው የሚሠሩት ሰዎች ስትወለውይ እግራቸውን ያነሱልሻል፤ ዓይናቸውን አያነሱም አለች። ቆንጅት ግን ሁሉንም በቅርጫታቸው ታውቃቸው ነበር። ማን እንደታመመ፣ ማን ሲጋራ እንደተወ፣ ማን እንደተፋታ። አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ ምሳውን ሳይነካ የሚጥል አንድ ሰው ነበር፤ አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ብርቱካን አስቀመጠችለት፤ በማግሥቱ ልጣጩን ቅርጫቱ ውስጥ አገኘችው።

"ይሄንን ነግራዎት አታውቅም?" አለችኝ ትግስት።

"ሳትነግረኝ አትቀርም" አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አሰብኩ። ነግራኝ ይሆናል። የብርቱካኑን ነገር የሰማሁት ይመስለኛል፤ መጨረሻውን ግን አላውቀውም ነበር።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

በትግስት ምስክርነት የተስተካከለውን ታሪክ አነበብኩላት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጸጥ ብላ ሰማች። ብርቱካኑ ጋ ዓይኗን ጨፈነች፤ "ትግስት" አለች። በግልጽ። አዲስ ቃል ነው፣ ስም ነው። ሌላ ግን የለም። ምንም አላረመችኝም፤ የሚታረም የለውማ።

እንግዲህ በትክክል ስጽፍ ዝም ትላለች፤ ሆን ብዬ ስሳሳት ትንቀኛለች። የቀረኝ ከልብ መሳሳት ነው። እንዴት ተብሎ ይታቀዳል?

ለኬረን ጭንቀቴን ነገርኳት።

"ስለማያውቁት ነገር ይጻፉ" አለችኝ።

ስለምታውቁት ጻፉ እያልኩ ነው ያስተማርኩት። ግን ሐሳቧ ቀላል ነው። ስለ ቆንጅት የማላውቀውን መዘርዘር ጀመርኩ። ግማሽ ገጽ ይበቃኛል ብዬ ነበር የጀመርኩት።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

የዛሬውን በአጭሩ።

ሦስተኛው ታሪክ ኢራ ሥራ ጨርሳ ጣቢያው ውስጥ ወዳለው ቤቷ ስትሄድ ነው። የጻፍኩት ይህ ነው፦ "ደክማ ስትገባ ባሏ ነቅቶ ይጠብቃታል። እራቷን አሙቆ አቅርቦ ውሎሽ እንዴት ነበር ይላታል።"

"አይ" አለች ቆንጅት።

ጠበቅኳት። መጠበቅ የተማርኩት በእነዚህ ሳምንታት ነው።

"ተኝቷል።"

በነጋታው ፈተና ይኖርበታል ልላት ፈለግኩ። ትምህርት ነበረበት፤ ማለዳ ይነሳል። በጽሑፉ ላይ ግን ባልየው ተማሪ ነው አይልም። እርሳሴን አንስቼ ሁለቱንም አረፍተ ነገሮች ሰረዝኩ። "ባሏ ተኝቷል" ብዬ ጻፍኩ። "ከዚያስ ምን ታደርጋለች?" አልኳት።

"ጫማ" አለች። ከብዙ ትግል በኋላ፣ "ጫማ... በእጅ።"

ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ትገባለች። እንዳይነቃ።

ይህንንም ጻፍኩት። ሦስት አዳዲስ ቃላት በአንድ ቀን። ለኬረን ስነግራት በደስታ እጇን አጨበጨበች። እኔም ደስ ብሎኛል። አውቶቡሱን ሳልይዝ እስከ ወንዙ ድልድይ በእግሬ ሄድኩ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ውሳኔው ዛሬ ነበር። አሁን ከእራት በኋላ ነው፤ ሁሉንም ልጻፍ።

ክብ ጠረጴዛ ላይ ሐኪሙ፣ ሶሻል ወርከሯ፣ ኬረን፣ ሳምሪ፣ እኔ፤ ቆንጅት በተሽከርካሪ ወንበሯ። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ድምፁ ከጠረጴዛው መሀል ይወጣል። ሐኪሙ ጀመረ።

"ስምሽ ቆንጅት ነው?"

"እሺ።"

"ስምሽ ሮሚ ነው?"

"እሺ።"

"አሁን ያለነው ካልጋሪ ነው?" እሺ። "አሁን ሌሊት ነው?" እሺ። ሐኪሙ ጻፈ። ሳምሪ በጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘችኝ።

ትንሽ እንዳነብላት ፈቃድ ጠየቅኩ። ዘጠነኛው በር ላይ ስለሚቆመው ዘበኛ የጻፍኩትን አወጣሁ። አንድ ገጽ አነበብኩ። ቆንጅት ደክሟታል፤ ጠረጴዛውን ታያለች። የስልኩ ሰውዬ ስለ ጠፈር ጣቢያ ሲተረጉም ግራ ተጋብቶ "ይቅርታ፣ ዘጠነኛው ምን?" አለ። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። ደብተሩን ዘጋሁት። እንዳበቃ ገባኝ።

ሶሻል ወርከሯ ፎርሟን መሙላት ስላለባት ብቻ ወደ እኔ ዞረች። "ቤት ብትሄድ ገላዋን ማን ነው የሚያጥባት?"

ለዚህ ተዘጋጅቻለሁ። ሁለት ገጽ መርሐ ግብር በየሰዓቱ ከፋፍዬ ጽፌአለሁ። "እኔ ነኝ" አልኩ። "ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አስነሳታለሁ፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን..."

"አይ።"

ሳምሪ ያለች መስሎኝ ወደ እሷ ዞርኩ።

"አይ" አለች ቆንጅት። ቀና ብላ እኔን ታያለች። "እሱ፣ አይ።"

ኬረን ወደ እሷ ጠጋ ብላ "ሳምሪ ትጠብሽ?" አለቻት።

ሰውዬው ተረጎመ። ቆንጅት ልጇን አየች፤ ፊቷ ለሰለሰ። "አይ።" ከዚያ ቃሉን ስትፈልገው አየኋት፤ አንገቷ ላይ ያለው ጅማት ተወጠረ። ልነግራት ቃጣኝ። ከንፈሬን ነከስኩ። "ሠራተኛ" አለች በመጨረሻ። "ሴት። ሠራተኛ።"

የስልኩ ሰውዬ ድምፁን አስተካክሎ ተረጎመ። ባሏ እንዲያጥባት አትፈልግም፤ ልጇም፤ ለዚህ ሥራ የተቀጠረች ሴት ትምጣልኝ ነው የምትለው።

ኬረን አላቆመችም። "ሚስተር መዝገቡ ምግብ ያብስልልሽ?"

"አይ።" ይህኛው ፈጣን ነበር። ሳምሪ በሳቅ ፈረሰች፤ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ሐኪሙም ፈገግ አለ።

"ታሪክ ያንብብልሽ?"

ቆንጅት አሰበች። ደብተሩን አየች፤ እኔን አየች። አልቸኮለችም። "እሺ" አለች።

ኬረን ወደ ሐኪሙ ዞረች፤ እሱም ብዕሩን አነሳ። ቤት ትሄዳለች። የሚያግዛት ሠራተኛ ይመደብላታል፤ ሴት።

በአርባ አንድ ዓመት ጋብቻ፣ በአራት ሰው ፊትና በስልክ አስተርጓሚ፣ ባለቤቴ አልፈልግህም አለችኝ። መርሐ ግብሬን አራት ቦታ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አምላኬ ሆይ፣ ተመስገን። ከዚህ የበለጠ ልለምንህ የማውቀው ነገር አልነበረኝም።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ቆንጅት ቤት ገባች።

የሳምሪ ባል ማትያስ አልጋውን ከፎቅ ለማውረድ ጠዋት መጣ። ደረጃ መውጣት እንዳያስቸግራት ሳሎን ውስጥ ከግድግዳው አስጠግተን አኖርነው። እኔ ለክቼ ነበር፤ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አጭሩ መንገድ ከዚያ ነው። ቆንጅት ዱላዋን ተደግፋ ገባች፣ አየችው። "አይ" አለች።

ወደ ምድጃው በኩል ገፋነው። ይሞቃል አልኳት። "አይ።"

ማትያስ ቀና ብሎ ወገቡን ያዘ። "ጋሼ፣ እትዬ ድሮም እንዲህ ናቸው እንዴ?"

"አላውቅም" አልኩት።

ከዚያ ሌላ ቦታ ልመርጥላት ስል ተውኩት። የት ይሁንልሽ ብዬ ጠየቅኳት። ግራ እጇን አንስታ መንገዱን ወደሚያሳየው መስኮት ጠቆመች። እዚያ የእኔ ጠረጴዛና ሁለቱ የመጻሕፍት መደርደሪያዎች ናቸው፤ ካርታዎቼም። ሁሉም ካልተነሳ አልጋ አይገባም።

ማትያስ መደርደሪያዎቹን አየ፤ እኔን አየኝ። ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ አንጠለጠለው። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ከላይኛው መደርደሪያ ጀመርኩ።